መንታው ማንጎ

«እኔ ያለሁት የትኛው ገጽ ላይ ነው?» አለች አክስቷ ሙሀባ፣ ኑርሃን ከባጃጅ ወርዳ ግቢው ውስጥ ገና እግሯን ስታስገባ።

ሙሀባ የኑርሃንን መጽሐፍ ይዛ ቆማለች። ማንበብ አትችልም። ጠዋት ጎረቤቷ ኸይረዲን አምጥቶ ሰጥቷት፣ «ያላሰብነውን ውለታ ውለሻል፣ ኮራንብሽ» ብሏት ሄደ።

የኑርሃን እውነተኛ ወጎች መጽሐፍ ሆነው ከወጡ ወዲህ የማታውቃቸው ሰዎች እየደወሉ ሲያመሰግኗት ሰንብተዋል። ሁሉም የሚያነሱት ያንኑ አንዱን ወግ ነው፦ እናቷ ቤት ሄዳ የወለደችው ልጅ ሞቶባት ስትመለስ፣ መንገድ ላይ ተጥላ ያገኘቻትን ሕፃን አጥብታ እንደ አብራኳ ክፋይ ስላሳደገች ማንጎ ሻጭ። ደብረ ሲና ያለች ነርስ እያነበበች ማልቀሷን ጽፋላታለች። ሙገሳው ጣፍጧት ነበር፤ ሰው ናትና።

«እትዬ ሙሀባ፣ ስምዎን እኮ ቀይሬያለሁ።»

«ዛፉንስ?»

ዛፉን አልቀየረችም። ከአንድ ግንድ ለሁለት የተከፈለ ማንጎ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያለው እዚህ ደጅ ብቻ ነው። በዚህ አገር ደግሞ ቤት የሚታወቀው በዛፉ ነው፤ ለባጃጅ እንኳ «መንታው ማንጎ ጋ» ይባላል። የቤተሰብ ምሥጢር የነበረውን ሰፈሩ በሙሉ አወቀው። የቀረችው ራሷ ልጅቷ፣ ሪሀና ናት። እሷም ትምህርት ቤት ናት፤ መምህሩ ደግሞ መጽሐፉን ዛሬ ለክፍሉ ሊያነብ ቀጥሯል።

ሙሀባ ኑርሃንን፣ ሪሀና ስትመጣ ታሪኩ ፈጠራ ነው እንድትላት አስማለቻት። ኑርሃን ማለች። እውነት ነው ብላ ባሳተመችው ላይ መዋሸቱ አልነበረም የከበዳት፤ የአክስቷ ፊት ነበር።

ሪሀና ገባች። ቦርሳዋን አላወረደችም።

«መምህሩ ‹የተጣለችው ሕፃን› እያለ ሲያነብ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ» አለች። «እትዬ ኑርሃን፣ እኔ ነኝ?»

ኑርሃን «ፈጠራ...» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ ራሷንም አላሳመናትም። ሙሀባ በእጇ አስቆመቻት።

«አልተጣልሽም» አለች ሙሀባ። «እሷ የጻፈችው የሰማችውን ነው፤ እኔም ደፍሬ ለማንም ያልተናገርኩት አለ። ከእናቴ ቤት ስመለስ የወለደችሽ እናት አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ በጠና ታማለች። ጡቴ ልብሴን ሲያርሰው አይታ ‹አጥቢልኝ› ብላ አንቺን ሰጠችኝ። ስወርድ ልመልስላት ብል እጇን አልዘረጋችም። ‹እኔ አልተርፍም፣ ካንቺ ጋር ትኑር› አለችኝ። ሪሀና ያለችሽም እሷ ናት፤ ወላሂ።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ።»

ኑርሃን ቀና ብላ ማየት አፈረች። ሙሀባ የልጅቷን ከንፈር ታያለች፤ ቀጥሎ በምን ስም እንደምትጠራት ነው የምትጠብቀው።

ሪሀና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«እማ» አለች፣ «ምን ትመስል ነበር?»