ከአርዲቦ የመጣ አፈር

ኢንሳፍ መርፌውን በቱቦው ቀዳዳ ከትታ ብታሽከረክረው ጭቃ ወጣ። ሁለተኛውም ጭቃ ነው። ሦስተኛውን ተወችው፤ ቲማቲሙ ገና በጠዋቱ ጠውልጎ አንገቱን ደፍቷል።

ሐይቅ ከተማ በተከራዩት ግቢ ውስጥ አርባ ቢጫ ጀሪካኖች በግማሽ ተቆርጠው፣ ቀይ ጠጠር ተሞልተው ተደርድረዋል። ከበርሜሉ የሚወርደው ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ በቀጫጭን ቱቦ እየሄደ የቲማቲሞቹ ሥር ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አፈር የሚባል ነገር አያስፈልጋቸውም። አሁን ግን አሥራ አንዱ ጀሪካን ላይ ጥቁር አፈር ተደልድሎ የቱቦው ጫፍ ተቀብሯል። ሁለት ቀን ደሴ ሄዳ መመለሷ ነው።

"እማ! ይህን ማነው ያደረገው?"

እናቷ ዑምኩልሱም እጃቸውን በሻርባቸው እየጠረጉ ከጓዳ ወጡ።

"እኔ ነኝ። አሳዘነኝ እኮ ልጄ። ድንጋይ ላይ ቆሞ እንዴት ያድራል? ትንሽ ጣል ላድርግለት ብዬ ነው።"

"አፈር አይፈልግም ስንት ጊዜ አልኩሽ? ደፈንሽው እኮ!" አፈሩን በጣቶቿ አሸት አደረገችውና ክው አለች። የግቢው አፈር እንዲህ አይለሰልስም። "ከየት አመጣሽው?"

"ከማሳችን።"

አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ያለው ማሳቸው ከጦርነቱ ወዲህ አልታረሰም። ያልፈነዳ ፈንጂ ተቀብሮበታል፤ የጎረቤታቸው የሙዘይን በሬ የሞተው እዚያ ነው። ኢንሳፍ ይህን ሁሉ ቱቦና በርሜል ለምና ያመጣችው እናቷ ወደዚያ ዝር እንዳይሉ ነበር። እሳቸው ደግሞ ይኸው፣ ለዚሁ ቲማቲም ብለው ሄዱ።

"ልትሞቺ ነበር እኮ!" ንዴቷ እንባ ሆኖ መጣ።

"ወላሂ ዳር ዳሩን ነው የሄድኩት።"

"ፈንጂ ዳርና መሀል አይመርጥም!"

"ታዲያ ምን ልሁን?" የዑምኩልሱምም ድምፅ ከፍ አለ። "አርባ ዓመት ከማሳ ያልጠፋሁ ሰው ነኝ። እዚህ ቱቦውን አትንኪ፣ በርሜሉን አትንኪ፤ የማዳበሪያው ዱቄት ሳጥን ቁልፍ አንቺ አንገት ላይ ነው። አትክልት እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልዋል?"

ኢንሳፍ በንዴት አንዱን ጀሪካን ዘረገፈችው። ሁለቱም ቁጢጥ ብለው አፈሩን ከየሥሩ ያጥቡ ጀመር። ኢንሳፍ ሦስት ችግኝ ሰበረች። ዑምኩልሱም አንድም አልሰበሩም።

ሲጨርሱ ኢንሳፍ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

"ከነጩ ዱቄት ሁለት ሲኒ፣ ከሌላው ሁለት ሲኒ። በደረቁ አይቀላቀሉም።"

"እኔ ፊደል መች ቆጠርኩ?"

"ሲኒ ነው የምትቆጥሪው።" ንዴቷ ገና አልበረደም። "ጠዋት አንቺ ትበጠብጫለሽ። ከዚያ አርባውንም ቀዳዳ በመርፌ ትጠርጊያለሽ። በየቀኑ!"

ዑምኩልሱም ጀሪካኖቹን ከዳር እስከ ዳር አዩአቸው።

"ይሄማ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።"

"ይፍጅ" አለች ኢንሳፍ፣ ቁልፉን እናቷ መዳፍ ላይ እያኖረች።