ከእጄ አልበላ አለች

ርብቃ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ደብቃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባቷ ይሻው የቆረሰውን ዳቦ እንደያዘ ቀረ። ዳቦውን እናቱ በኮባ ጋግረው የላኩት ነው፤ አጠገቡ በጨርቅ የተጠቀለለ ጥብስ የበቆሎ እሸትም አለ። ከይፋግ ወረታ፣ ከወረታ ደብረ ታቦር መኪና ቀያይሮ ነው ያመጣው።

"አዩልኝ፣ እትየ?" አለ ወደ ሠናይት ዞሮ። "ከእጄ እንዳትበላ እናቷ መክራታለች። ጠላት እንኳ ቁራሽ ሲሰጡት ይቀበላል።"

ሠናይት ጥጉ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለችው በዚች ጠባብ ክፍል ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያገኙ አብሮ መቀመጥ የእሷ ሥራ ነው። የሚያፈጥበት ሰው ካለ ልጅ አይጫወትም፤ ስለዚህ ዓይኗን ሹራቡ ላይ፣ ጆሮዋን ልጁ ላይ ታደርጋለች። መጠየቅ ግን አመሏ ነው። ባልደረቦቿ "ሠናይት ሬሳውንም ለምን ሞትክ ሳትለው አትቀብረውም" እያሉ ያሾፉባታል።

ይሻው ጥቅምት ላይ ልጁን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ወስዶ፣ ለእናቷ ሳይናገር ይፋግ አሳደራት። እናቷ አዲስዓለም ስትፈልጋት አነጋች። ከዚያ ወዲህ ዳኛዋ ይሻው ልጁን ሰኞና ሐሙስ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ሠናይት ባለችበት ብቻ እንዲያያት አዘዘች። ወራቱ በደኅና አልፈው ነበር፤ ርብቃ ጉልበቱ ላይ ተቀምጣ እየተጎራረሱ ይስቁ ነበር። ነሐሴ ሲገባ ግን ልጅቱ ድንገት አፏን ዘጋች።

እናትየዋም ለነገሩ የራሷ ትርጉም አላት። "ከእሱ ጋር ስትሆን እህል የማይወርድላት ብትፈራው ነው" ብላ ነበር ባለፈው ሐሙስ። "ቤት ስትገባ እኮ ድስት ነው የምትገለብጠው! ሰኞም ካልበላች ዳኛዋን መገናኘቱን አስቁሙልኝ እላለሁ።" ሠናይት ሁለቱንም ሰምታለች፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ታዲያ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው? ነገሩ እንቅልፍ ነስቷታል።

ይሻው ዳቦውን አስቀምጦ ተነሣ። "በቃ እትየ፣ ይቅር። ልጄ ከእጄ እህል ካልተቀበለች እኔ ምኗ ነኝ? ከዛሬ ወዲያ አልመጣም።" ጋቢውን ጠቅልሎ፣ ዕንባው እንዳይታይበት ወደ በረንዳው ወጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ሠናይት ወንበሯን ወደ ልጅቱ አስጠጋች።

"ርብቃ፣ አባትሽን ትፈሪዋለሽ?"

"አልፈራውም።"

"ዳቦው አስጠላሽ?"

"አላስጠላኝም" አለች፤ ምራቋንም ዋጠች። "እትየ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" ይህን ጥያቄ ዛሬ ስትደጋግመው ነው የዋለችው።

"ሰባት ተኩል አልፏል። ስንት እንዲሆንልሽ ነው?"

ልጅቱ ጣሪያውን አየች፤ ወለሉን አየች። "ዘጠኝ" አለች በመጨረሻ።

የሠናይት እጅ ሹራቡ ላይ ቆመ። ፍልሰታ! የሕፃናት ጾም ይሉት የለ? የሰባት ዓመት ልጅ እህል ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ትቆያለች ብሎ ማን ያስባል፤ ሠናይት ራሷ ረፋድ ላይ ፓስቲ በሻይ አድርጋ ነው የመጣችው።

"እናትሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም። ቀን ቀን ልብስ ስፌቱ ቤት ናት። ምሳዬን ዘጠኝ ሲሆን እበላዋለሁ።"

"ለምን አልነገርሻቸውም?"

"የኔታ ጾም በስውር ነው ብለዋል። ያወራ ሰው ዋጋው ይቀርበታል።" ወዲያው ፊቷ ተለዋወጠ። "ለእርስዎ ነገርኩ። ተበላሸ?"

"አልተበላሸም። ሲጠይቁሽ መመለስ ማውራት አይደለም። እኔም ለማንም አልናገርም።"

"በእመቤቴ?"

"በእመቤቴ" አለች ሠናይት፤ ምን ውስጥ እንደገባች የታወቃት ከማለች በኋላ ነው።

ይሻው ሊሰናበት ገባ። ጎንበስ ብሎ የልጁን ግንባር ሳመ። "ደኅና ሁኚ ልጄ። እንግዲህ እኔን አትጠብቂ።"

ርብቃ አባቷን አየችው። ከዚያ እጇን ከጭኗ ሥር አውጥታ ቁራሹን ዳቦ አነሣችና ወደ አፏ ወሰደችው። ዕንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ሠናይት ብድግ አለች። ይሻው ግን ቀደማትና የልጁን እጅ ያዘ።

"ተይው። እያለቀስሽስ አትበይልኝ። እኔ ልቅር እንጂ አንቺ ምን በወጣሽ?"

ርብቃ አንገቱን ስባ በጆሮው አንሾካሾከችለት። ይሻው ቁራሹን ከእጇ ተቀብሎ ጨርቁ ላይ መለሰና ልጁን ደረቱ ላይ ለጠፋት። ደስታውም ኩራቱም መላ ሰውነቱን ሲወርረው ይታያል። ሠናይት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አዲስዓለም ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። በመጀመሪያ ያየችው ዳቦውን ነው።

"ዛሬም አልበላችም?"

ርብቃ ወደ አባቷ ቀና አለች። አንድ ቃል ቢተነፍስ ከወቀሳው ነፃ ይወጣል።

"አልበላችም" አለ ይሻው።

"ትፈራሃለች ማለት ነዋ።"

"ይሆናል።"

አዲስዓለም ለክርክር ወገቧን አስራ ነበር የመጣችው፤ የሚከራከራት አጣች። ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ጥፋተኛ ነህ ሲሉት ዝም ብሎ አያውቅም። ግራ ገብቷት ወደ ሠናይት ዞረች።

"እትየ፣ ምን ሆኖ ነው?"

"እኔን አትጠይቂኝ። ዳኛዋ ጋ ከመሄድሽ በፊት ግን ሐሙስን በዘጠኝ ሰዓት እንሞክረው። ያኔም ካልበላች አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"ለምን በዘጠኝ?"

"በዘጠኝ ይሁን ብያለሁ።"

"እሱ እኮ መመለሻ መኪና አያገኝም።"

"አድራለሁ" አለ ይሻው።

አዲስዓለም ተገርማ አየችው። ደብረ ታቦር ላይ ዘመድ የለውም።

"የት ነው የምታድረው?"

"የቤተ ክርስቲያን ደጅ አይጠፋም።"

"በዚህ ዝናብ?" ጃንጥላዋን ዘረጋችና የርብቃን እጅ ይዛ የበሩ ደፍ ላይ ደረሰች። እዚያ ቆም አለች። "ወንድሜ ዘውዱ ቤት ታድራለህ። እኔ እነግረዋለሁ።"