ሌላ እጅ ያልነካው ቢላዋ

የዌንደል ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው በሚያዝያ ነው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረው፤ እሱ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። አሜሪካ፣ አርካንሶ ውስጥ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለች ጋራዥ፣ ዕድሜውን በሙሉ ቢላዋ ሲሠራ ሞረዱን የሚነዳው በዓይኑና በእጁ ብቻ ነበር። ሞረዱ ከመስመር እንዳይወጣ የሚያግድ መምሪያ አስረው የሚሞርዱትን «ገና ድክ ድክ ይላሉ» እያለ ሲያሾፍባቸው ኖሯል። አሁን ራሱ መምሪያ ሊሠራ ተቀመጠ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ሁለት አጫጭር ጠፍጣፋ ብረቶችና ሁለት ብሎኖች ይበቃሉ፤ ቢላዋው በመካከላቸው ይጨመቃል፣ ሞረዱም ከብረቶቹ ጠርዝ አያልፍም። ዋናው ነገር ብረቶቹ በእሳት ግለው ዘይት ውስጥ መነከራቸው ነው፤ ካልጠነከሩ ሞረዱ መምሪያውን ራሱን ይበላዋል። ይህን ለስንቱ ጀማሪ ሲሰብክ የኖረው ዌንደል ነው። ግን በዚያ እጅ የጋለ ብረት በጉጠት ይዞ ዘይት ውስጥ መክተት? ፈራ። ፈርቶም ለስላሳውን ብረት እንዳለ በጠረጴዛው ማጥበቂያ፣ ሞርሳው ላይ አስሮ መሞረድ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ዴሊያ የተጠበሰ ዓሣ ይዛለት መጣች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምን ይመስልሻል? መምሪያ ነዋ!»

«አንተ? መምሪያ?» ሳቀች። ጎንበስ ብላ ጠርዙን በጥፍሯ ስትዳስሰው ሳቋ ቆመ። «ሞረዱ ቦርቡሮታል እኮ። አላጠነከርከውም?»

«ረስቼው ነው።»

«እንዴት ይረሳል? በእንቅልፍህ ሳይቀር የምትለፈልፈው ይሄንኑ አይደል?»

ያኔ እጁን አየችው። ኪሱ ውስጥ ሊከተው ሞከረ፤ እጁ ኪሱን ሳተው።

«የጥቅምቱ የቢላዋ ባዛር ላይ ጠረጴዛዬ ባዶ ከሆነ አለቀለት ይሉኛል» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

«ማን ነው እንደዚያ የሚል?»

«እኔ ራሴ ስንቱን አለቀለት ብያለሁ መሰለሽ!»

ዴሊያ እሳቱን አያያዘች። ለመምሪያው አዲስ ብረት ቆርጣ አጠነከረች፣ ቢላዋው ጠርዝ ላይ የስለቱን መሀል መስመር ጫረች፤ ከዚያም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እየመጣች ቢላዋውን ሞረደችው። እሱ ዱካው ላይ ተቀምጦ ይጮሃል።

«ስትመልሺው አትጫኚው! ወደ ፊት ሲሄድ ብቻ ነው የሚበላው!»

«ወይ ዝም በል፣ ወይ ና ራስህ ሞርድ።»

አብረው ይስቃሉ። እነዚያ እሑዶች ከብዙ ዓመት ወዲህ ያላገኘው ደስታ ነበሩ፤ ይህንን ግን አልነገራትም።

የቢላዋ ሠሪዎቹ ማኅበር አንድ ወግ አለው። ቢላዋው ከእጅ ወደ እጅ ከመዞሩ በፊት ሰብሳቢው ሠሪውን በሰው ፊት «ሌላ እጅ ነክቶታል?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ማለት አያሳፍርም፤ የረዳው ሰው ስም ቢላዋው ላይ ከሠሪው ስም ጎን ይቀረጻል፣ በቃ። ዴሊያ ይህን ታውቃለች። ለባዛሩ አዲስ ሸሚዝ ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ከአባቷ ኋላ ቆማለች።

ሰብሳቢው ሆባርት ቢላዋውን ወደ ብርሃኑ አነሳ። «ዌንደል፣ ወግ ነውና ልጠይቅህ። ሌላ እጅ ነክቶታል?»

ዌንደል የሚንቀጠቀጠውን እጁን ብብቱ ስር ሸጎጠ።

«ደግሞ ማን ይነካዋል?»

ሰዉ ሳቀ። «ሞረድ እንዲህ ነው የሚያዘው!» አለ ሆባርት። «ይሄ ሽማግሌ ገና ሁላችንንም ይቀብራል!»

ወደ ቤት ሲመለሱ የምትነዳው ዴሊያ ነበረች።

«አዎ ብል እጄን ያውቁብኝ ነበር» አለ ዌንደል።

«ገብቶኛል። አትስጋ፣ ለማንም አልናገርም።»

ብትጮህበት፣ ብትሰድበው በወደደ። ዕቃውን አወረደችለትና ጋራዧን ሳትረግጥ ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ ዌንደል የጋራዧን በር ከፍቶ ዱካው ላይ ጠበቃት። ቀትር ሲያልፍ ለሌላ ቢላዋ የሚሆነውን ብረት ራሱ መምሪያው ውስጥ ሊያስር ተነሳ። ብሎኑ ከጣቱ አምልጦ ጠረጴዛው ስር ገባ። ተንበርክኮ ቢዳብስ አጣው። እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ደወለላት።

«ዛሬ አልመጣም፣ አባዬ» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ብቻህን እንደምትሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል እኮ።»