ሁለተኛው በግ

«አንድ በግ ይበቃል» አለ አብዱልመናን የተስቢሑን ዶቃ በጣቱ እየገፋ። «ሰደቃ ነው እንጂ ሠርግ አይደለም።»

ቀመሪያ ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ ሆና ሰማችው። ባሏ ሁመድ ከተቀበረ ወዲህ ወሬ ሁሉ የሚደርሳት በመጋረጃው በኩል ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ፣ የሐዘን ወራቷ፣ እስኪፈጸም ቤቷን ትጠብቃለች፤ ይህን የማያውቅ የለም። የሁመድ ታናሽ ወንድም አብዱልመናን ግን ጣሊያን ባዘጋጀው መርከብ መካ ደርሶ ከመጣ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሳይቀር እንደ አዲስ ያስተምራል። ድሮ አብዱ ነበር። አሁን ሐጂ ነው፤ አንቱ ነው። ቀመሪያ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ንፍጡን የጠረገችለትን ልጅ አንቱ ማለት ምላሷን ያስራታል፤ ቢሆንም ትለዋለች።

«ግቢ የታሰረውስ በግ?» አለችው ከመጋረጃው ወዲያ።

«ለአረፋ ይቆያል።»

«ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን ታዲያ ምን ሊበሉ ነው፣ ሐጂ?»

ተስቢሑ ቆመ። «የእኛን እርድ ከበሉ እሰየው። አንበላም ካሉ ምን እናድርጋቸው? ለእነሱ ሌላ በግ፣ ሌላ ቢላ፣ ሌላ ድስት... ይህ ሁሉ በኪታብ የለም። የሐበሻ ልማድ ነው። ለወንድሜ ነፍስ የወጣ ሰደቃ የሥላሴ ስም ተጠርቶበት ሊታረድ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ከጣሊያን ፈቃድ ያወጣሁት ለእስላሞች ዱዓ ነው። የሽፍታ ሚስቶች እዚህ ተሰብስበው ቢገኙ ካራቢኜሪው መጥቶ የሚያስረው እኔን ነው። ጊዜው የእኛ ሆኗል ቀመሪያ። በገዛ እጃችን አናበላሸው።»

ሁመድ «ጊዜው የእኛ ሆኗል» የሚል ሰው ሲገጥመው ከስፌት መኪናው ቀና ይልና «አዎን፣ ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ብሎ መልሶ መርገጫውን ይረግጥ ነበር። ቅሉ ማን እንደሆነ አይናገርም። አንዱ ሞኝ ምርቃት መስሎት «አሚን» ብሎ ሄዷል። ቀመሪያ ይህ ትዝ ብሏት ልትስቅ አማራት፤ የምትነግረው ሰው ግን አልነበረም። የስፌት መኪናው ራሱ ነጠላ ተደርቦበት ጥግ ይዞ ቆሟል።

ቤቱ እንግዳ አጥቶ አይደለም። ወሎዎቹ የአገራቸውን ሙሾ እያንጎራጎሩ ይገባሉ፤ ሐጂ ሲቆጣቸው ዝም ይላሉ፤ ዞር ሲል ይቀጥላሉ። ጅማዎቹ ፋቲሐቸውን አድርሰው፣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳልፈው ይወጣሉ። አረቡ ባለሱቅ ስኳር ልኳል። ሁሉም «አላህ ያጽናሽ» ይላታል፣ ሁሉም ግን የሁመድ ሰው ነው። የእሷ ወገኖች ስልጤ ናቸው፤ መርዶው ይድረሳቸው አይድረሳቸው እንኳ አታውቅም። ልጅ አልወለደችም። ሰው በሞላበት ቤት ብቻዋን መቅረቷን የምታውቀው «ሁመድ እኮ አንድ ቀን...» ብላ ስትጀምር ነው። እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው «ጀነት ይስጠው» ይሉና ወሬው እዚያው ይሞታል።

ወሬዋን የሚጨርስላት አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ የአጥር ጎረቤቷ ቦሰና። ቦሰና በቀብሩ ዕለት ደረቷን እየደቃች ከሁሉ ቀድማ የደረሰች ናት። ሐጂ የለቅሶውን ነገር ከያዘ ወዲህ ግን ከውጭ በር አላለፈችም።

ቀመሪያ በጓሮ ዞራ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራቻት።

«ምነው ጨከንሽብኝ ቦሰና?»

«ምን ላርግ እቴ! ሐጂ አይተው እንዳላዩ አለፉኝ። ብገባ የሚብሰው አንቺ ላይ ነው።»

«የሰባቱ ቀን ሰደቃስ? አትመጪም?»

«እንዴት እቀራለሁ! ሁላችንም እንመጣለን። ስለ ምግቡ እንደሆነ እንዳታስቢ።» ቦሰና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «በልተን እንመጣለን።»

ቀመሪያ ከዚያ በኋላ ቦሰና ያለችውን አልሰማችም። በልተን እንመጣለን። ሰው እንዲህ የሚለው ለማያውቀው ቤት ነው፤ የሚጠላው ቤት ሲጠራው ነው። ሁመድ ቤት እንዲህ ተብሎ አያውቅም፤ የሞቱ ሰደቃ ላይ ሊባል ነው። ከሞቱ ይልቅ ይህ አንገበገባት፤ ማለቱ ስላሳፈራት ለራሷ እንኳ አልተናገረችውም።

አገሩ ያወጣው ደንብ ነው፤ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይቀምስም፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይቀምስም። ተጎራብተው የሚኖሩ ሰዎች ታዲያ ለነገሩ ልክ አበጁለት። ድግስ ሲሆን ሁለት ይታረዳል፤ አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ። ድስትና ጭልፋው ይለያያል እንጂ ሰዉ አይለያይም። በዚህ ደንብ ብዙ ዘመን ተኖረ። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ግን ደንቡ ያላሰበው ነገር መጣ፤ በእነ ቀመሪያ አጥር ዙሪያ ባሉት ግቢዎች ሁሉ የክርስቲያን ወንድ ጠፋ። ገሚሱ ተገደለ፤ ገሚሱ ተጋዘ። የቦሰና ባል ሀብተሥላሴ ጫካ ገባ። ሴት ደግሞ ዶሮ እንኳ አታርድም፤ ብታርድም የሚበላላት የለም።

እንዲህ ሳሉ ፋሲካ ደረሰ። በቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ቦሰና ዶሮዋን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሁመድ መስፋቱን ትቶ ወጣ።

«ምን ሆንሽ?»

«የሚያርድልኝ አጣሁ፣ ጋሽ ሁመድ።»

«እኔ ባርድልሽ አትበያትም።»

«አልበላትም።»

«አውቃለሁ። አምጪያት።»

ዶሮዋን ጋቢው ውስጥ ሸጎጠና ወደ ልደታ ማርያም ወረደ። እዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አንድ ሽማግሌ ቀርተው ነበር። መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰዎች «ሼህ ሁመድ፣ ዶሮ ታቅፈህ ወዴት ነው?» ቢሉት «ክርስትና ላስነሳት» አላቸው። ሲመለስ ጥምጥሙ ላይ ላባ ነበረበት።

ከዚያ ወዲያ ወግ ሆኖ ቀረ። በዓል በመጣ ቁጥር የየግቢው ሴቶች ዶሯቸውን ለሁመድ ያስረክባሉ። አቅም ያላት በግ ትልካለች። ቀመሪያ መጀመሪያ እፍረት ገደላት። ተወልዳ ያደገችበት መንደር እስላም ብቻ ነበር፤ ይህን የሁለት ቢላ ነገር ያየችው አዲስ አበባ መጥታ ነው።

«የቁርአን ሰው፣ የክርስቲያን ዶሮ ተላላኪ ሆንክ!» አለችው አንድ ቀን። «ሰው ምን ይለናል?»

«አባቴ ቤት ግድግዳው ላይ ሁለት ቢላ ይሰቀል ነበር» አላት፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። «አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእናቴ ወንድሞች ሲመጡ የሚያርዱበት። እናቴ ከእነሱ ወገን ነበረች። ሁለቱንም ቢላ እየሳልኩ ነው ያደግሁት። እኔ መስገድ አልተውኩም፣ እነሱም መጾም አልተዉም። ግን በበዓል ቀን ጎረቤቴ ስታለቅስ እየሰማሁ መብላት፣ ወላሂ፣ አልችልም።»

ዓመት ሳይሞላ ግን የትኛዋ ዶሮ የማን እንደሆነች እንድትለይ በየእግራቸው ክር የምታስረው እሷ ሆነች። ለቦሰና ቀይ ክር ነበር።

የሰባቱ ቀን ጠዋት የሐጂ በግ ታርዶ፣ ተገፍፎ፣ ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ ተሰብስበው ሳለ ቀመሪያ ጫማዋን አደረገች። ነጠላዋን ተከናነበች፤ ወደ ግቢው ወጥታ የሁለተኛውን በግ ገመድ ፈታች።

አብዱልመናን በሩ ላይ ደረሰባት። «ወዴት ነው?»

«ልደታ።»

«ዒዳ ላይ ነሽ እኮ!»

የመለሰችለት ቀመሪያ አልነበረችም። የወሎ ሴቶችን ዱዓ የምትመራው አሮጊት፣ ዱበርቲ ዙሃራ፣ ከበሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ሴት በዒዳዋ ለጉዳይ በቀን ትወጣለች፤ ሳይመሽ ትገባለች። ይህን ለማወቅ መርከብ አያስፈልግም፣ ልጄ።»

«በግ መጎተት ጉዳይ ነው እንዴ፣ ዱበርቲ?»

«የጎረቤት ሐቅ ጉዳይ ካልሆነ ጉዳይ የሚባል የለም። መካ ስለሱ የነገረህ የለም?»

አብዱልመናን ፊቱ ቀላ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንድሙን ይወድ ነበር፣ ፈርቶም ነበር። «ስሚ» አላት፣ ሌላው እንዳይሰማ ተጠግቶ። «ከዚህ በር ከወጣሽ ከእኔ ጋር ያለሽ ዝምድና እዚህ ላይ ያበቃል። ነገ ማንም የለሽም። አስቢበት።»

አሰበችበት። እውነቱን ነው፤ ማንም የላትም። እሱ ፊቱን ካዞረባት በዚህ ከተማ ውስጥ የእኔ ዘመድ የምትለው ሰው አይኖርም። የበጉን ገመድ በእጇ ጠቀለለች።

«አብዱ» አለችው። ከመካ ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ጠርታው አታውቅም። «አባትህ ቤት ግድግዳው ላይ ስንት ቢላ ነበር የሚሰቀለው?»

አብዱልመናን ከበሩ ፈቀቅ አለላት፤ ይሁን ማለቱ ይሁን መጸየፉ አልታወቃትም።

ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ከልደታው ማረፊያ ሜዳ የተነሳ የጣሊያን አይሮፕላን በጣራዎቹ ላይ እያጓራ አለፈ፤ በጉም ደንብሮ ወደ ኋላ ጎተታት። እየጎተተችው፣ እየጎተታት ወረደች። ሰው ቆሞ ያያታል። ጠበንጃ ያነገተ ባንዳ ከት ብሎ ሳቀባት። ሁመድ ቢሆን ይህን ጊዜ አንድ ቀልድ ያገኝለት ነበር። እሷ ቀልድ አልመጣላትም፤ ገመዱ መዳፏን ልጦታል፣ ሆዷም ባዶ ነው፣ ከጎኗም ሰው የለም።

ዘበኛው ሀብተ ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባባ፣ በግ የሚያርድልኝ ፈልጌ ነው።»

አከናነቧን አዩ። «ለእስላም እኔ አላርድም፣ ልጄ።»

«ለእኔ አይደለም። ለጎረቤቶቼ ነው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት፤ ወዲያው ፊታቸው ፈካ። «የሁመድ ነሽ! ምነው፣ እሱስ ምን ሆኖ ቀረ?»

ከተቀበረ ጀምሮ መሞቱን ሁሉም ለእሷ ነበር የሚነግራት። እሷ ለማንም ተናግራው አታውቅም።

«ሞተ» አለች።

ሀብተ ማርያም አማተቡ። ዱላቸውን ተደግፈው ጎጇቸው ገቡና ቢላቸውን ይዘው መጡ። በጉን ከባሕር ዛፉ ሥር በስንት ትግል ጣሉት።

«ጉልበት አልቆብኛል። እግሩን የሚይዝልኝ እሱ ነበር።»

«ሁመድ?»

«እሱ እንጂ! ፊቱን ወደዚያ ያዞርና ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። እኔ በስመ አብ ስል እሱም በከንፈሩ የሆነ ነገር ይላል። ምን እንደሚል ጠይቄው አላውቅም።»

ሁመድ ይህን ለእሷ አልነገራትም። ስንት ዓመት አብራው ኖራ፣ ዶሮዎቹን እያሰረች ሰጥታው፣ እዚህ መሬት ላይ መንበርከኩን አታውቅም ነበር። ሌላስ ያልነገራት ምን አለ? አሁን የሚጠየቅ የለም።

ቀመሪያ ተንበረከከች። የበጉን አራት እግሮች ሰብስባ በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። ሽማግሌው ጸሎታቸውን ደገሙ። በጉ ታገለ፤ ጉልበቱ በክንዷ አልፎ ትከሻዋ ድረስ ተሰማት። ትግሉ ላላ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ተንፈራገጠ፤ ከዚያ ተወ።

ሀብተ ማርያም ቢላቸውን በቅጠል ጠረጉ። ቀና ሲሉ እሷ እንደተንበረከከች ናት።

«ልቀቂው፣ ልጄ።»

አልለቀቀችም።

«ልቀቂው እንጂ። ሞቷል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ቀመሪያ፤ እግሮቹንም ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።