የኔታ ደቡብ

መሣሪያ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ሹፌር ነኝ፤ እንጀራዬም ከመሣሪያ ነው። ያን ቢጫ ዕቃ ግን ገና ሳየው አልወደድኩትም። ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚበላ፣ ሰማይ ካላየ የማይሠራ ጂፒኤስ ነው። አይናለም ሁለት ይዛ መጥታ «አንዱ ለአባዬ ነው፤ ቅዳሜ ጮቄ ወጥተን አስተምራቸዋለሁ» ስትለኝ፣ በሆዴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አልኩ። በአፌ ግን እሺ ነው ያልኩት፤ እሷን እምቢ ማለት አልችልበትም።

አይናለም ደብረ ማርቆስ ውስጥ መሬት ለክታ፣ ካርታ ሠርታ የምታድር ልጅ ናት። እኔ የኋላሸት እባላለሁ፤ የመሥሪያ ቤቷ ሹፌር ነኝ። አባቷ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ማታ ግን አንዱ ሳይገባ ሌላው እራት አይቀምስም።

የኔታ በወጣትነታቸው የተማሩት ጮቄ ላይ ይኖሩ ከነበሩ አንድ መናኝ መምህር ዘንድ ነው። መምህሩ የተቀበሩበትን የድንጋይ ክምር ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። «እኔ ስሞት ቦታውም አብሮኝ ይቀበራል» ይሉ ነበር። አይናለም ይህን በሰማች ቁጥር ሆዷ ይባባል። አባቷ ቦታውን በገዛ እጃቸው እንዲመዘግቡት፣ ከዚያም የፈለገ ሰው ተመልሶ እንዲያገኘው ፈለገች። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ይህን አልክድም።

ቅዳሜ ጠዋት በወንድሜ አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ወጣን። ሮብ ገበያ የምትባለው ከተማ ላይ ዳቦ ስንገዛ፣ ፈረሱን የሚያጠጣ አንድ ሽማግሌ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቀና ብሎ ተራራውን አየና «ዛሬ ጮቄ ሻሹን ይጠመጥማል። ሳይጠመጥም ውረዱ» አለኝ። ሰማዩ አንድ ዳመና አልነበረበትም፤ ሳቅሁና መኪናዬን አስነሳሁ።

ላይ ደርሰን መንገዱ ዳር አቆምኩ። የቦታውን አቀማመጥ ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። በስተ ሰሜን፣ ማለቴ ዛሬ ሁላችን ሰሜን በምንለው በኩል፣ ትንሽ እንደሄዱ ገደል አለ። በስተ ደቡብ ጓሳ የለበሰ ተዳፋት ነው፤ ከታች ምንጭ ይወርድበታል። መቃብሩ ያለው በስተ ምሥራቅ፣ ከአንድ ጉብታ ማዶ ነው። ዙሪያውን ሰው የሚያህል የጅብራ ተክል ብቻ ቆሟል። ወፍ አይጮህም፣ ከብት አይታይም። ጸጥታው ደስ አላለኝም።

አይናለም ሁለቱን መሣሪያዎች ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ ትምህርቱን ጀመረች። «መጀመሪያ ይህን ተጭነው ያበሩታል። ከዚያ ሰማይ አሳይተው ይጠብቃሉ። እነዚህ ዓምዶች ሳተላይቶቹ ናቸው፤ አራቱ ሲሞሉ ያሉበትን ያውቃል።»

«ከላይ ሆኖ የሚያየን አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ የኔታ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። ሥራ ላይ ስትሆን ቀልድ አይገባትም።

በሁለቱም መሣሪያ ላይ መኪናው ያለበትን ቦታ መዘገበች። «ይህቺ ባንዲራ መኪናው ናት፤ ይህቺ ቀስት እርስዎ ነዎት። የትም ቢሄዱ ካርታውን ሲያዩ ከመኪናው በየት በኩል እንዳሉ ያውቃሉ። አንድ ነገር ግን እንዳይረሱ። ቀስቷ አቅጣጫ የምታሳየው ሲራመዱ ብቻ ነው። ከቆሙ ፊትዎን ወዴት እንዳዞሩ አታውቅም።»

ይቺን ስሰማ ክፉኛ ቀፈፈኝ። እኛ ልጆች ሳለን ጉም ከመጣብህ ባለህበት ቁም ተብለን ነው ያደግነው። ይህ ዕቃ ደግሞ ካልሄድክ አልነግርህም ይላል። ልናገር አስቤ ተውኩት፤ ሹፌር ምን አገባው።

«ካርታውን አስተካክዬዋለሁ» ቀጠለች። «ላይኛው ሰሜን ነው፣ ታችኛው ደቡብ።»

«ስሕተት ነው» አሉ የኔታ። «በግዕዙ ላይኛው ደቡብ ነው፤ ታችኛው ሰሜን። የገለበጠው የእናንተ አማርኛ ነው።»

የቤተ ክህነት ሰው ላልሆነ ልንገር፤ ከሜዳ ተነሥተው አልነበረም የተናገሩት። በቆዩት የግዕዝ መጻሕፍት ደቡብ ሲባል ብዙ ጊዜ እኛ ሰሜን የምንለው ነው፤ ሰሜንም እንዲሁ ደቡባችን ነው። የኔታ ይህን ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ ነው የኖሩት፤ ቤት ውስጥም «በስተ ደቡብ ያለውን መስኮት ዝጊው» ሲሉ የሰሜኑን መስኮት ማለታቸው ነው። አይናለም ቤቷ ውስጥ ለምዳዋለች። እዚያ ተራራ ላይ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባዬ፣ እዚህ ቅኔ የለም። እዚህ ያለው ገደል ነው። እባክዎ ለዛሬ እንኳ እንደ ሰው ይናገሩ» አለቻቸው።

በእኔ ፊት መሆኑ ነው የከበዳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ገደሉንም ቅኔውንም ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ። ለአንድ ቢጫ ዕቃ ብዬ የአባቶቼን ቃል አልገለብጥም» አሉና መሣሪያውን ከእጇ ወሰዱ። ዘንጋቸውን አንሥተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ጉብታው ተራመዱ። «የኔታ፣ ልከተልዎ?» ብላቸው ዘወር ሳይሉ «ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን እመለሳለሁ፤ መማር ማለት እሱ ነው» አሉኝ።

አይናለም ልትነሣ ብላ ተቀመጠች። «ይሂዱ። ፀሐይ ነው፣ ቅርብ ነው» አለች። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ የዚያን ቀን ሁለቱም ዋጡ። ከጉብታው ማዶ ሲሰወሩ ነጩ ጋቢ ነበር መጨረሻ የታየን።

ጉሙ ከላይ አልመጣም፤ ከታች፣ ከገደሉ ውስጥ ነው የወጣው። መጀመሪያ ጅብራዎቹን አንድ በአንድ ወሰዳቸው፣ ከዚያ ጉብታውን፣ ከዚያ መንገዱን። በመጨረሻ የራሴን ኮፈን ጫፍ ማየት አቃተኝ። ወዲያው በረዶ ወረደ፤ የመኪናው ጣራ ላይ ድምፁ ጆሮ ያደነቁር ነበር። ጥሩንባዬን ሳላቋርጥ ነፋሁት። ነፋሱ ከገደሉ በኩል ስለሚነፍስ ከዚያ ወገን የሚጮህ ሰው ቢኖር እንሰማው ነበር። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው።

ስልኳ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጋ መኪናው ውስጥ ሁለታችንም ሰማናቸው። «አይኑዬ፣ እግሬ ወለም ብሎብኝ መቆም አልቻልኩም። ብርዱ የባትሪውን ድንጋይ ገደለው መሰለኝ፣ መሣሪያው ጠፍቷል። ከመጥፋቱ በፊት ግን አይቻለሁ። ከመኪናው በስተ ደቡብ ነኝ። ቅርብ ነኝ። በስተ ደቡብ…» ከዚያ ተቋረጠ። ደጋግማ ደወለች፤ አልገባም አላት።

እኔ በሩን ከፍቼ ወደ ተዳፋቱ ዞሬ ነበር። ክንዴን ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ደቡብ አሉ እኮ።»

«የማንን ደቡብ?» አለችኝ። ክንዴን እንደያዘች ነው። «አባቴን ታውቃቸዋለህ። አንገታቸው ቢቆረጥ አይገለብጡም። አሁን እንኳ በጆሮህ ሰምተሃል። የእሳቸው ደቡብ ገደሉ ነው፤ ገደሉ አፍ ላይ ወድቀዋል።»

አመንኳት። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው። ደግሞም ተዳፋቱ ላይ ከሆኑ ጥቂት መቆየት ይችላሉ፤ ገደሉ ላይ ከሆኑ ግን አንድ እርምጃ ትበቃለች። ቢሆንም ልቤ ስላልረጋ «እኔ በዚያኛው በኩል ወርጄ ልጥራቸው» አልኳት።

«መሣሪያው አንድ ነው የቀረን። አንተን ደግሞ ማን ይፈልግልኛል? ወድቀው ካገኘኋቸውስ ብቻዬን እንዴት አወጣቸዋለሁ?»

እምቢ ብዬ ትንሽ ወረድኩ። ዞር ስል መኪናው የለም። በድምፅዋ እየተመራሁ ተመለስኩ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ጥሩንባው ቆመ፤ ገመድ ይዤ ተከተልኳት።

እንደ ዕውር ነበር የምንሄደው። እሷ መሣሪያውን እያየች ትራመዳለች፤ አቅጣጫው ሲጠፋባት ቆም ትላለች፤ ቆም ስትል ደግሞ ቀስቷ ትሰክራለች። ስለዚህ እንደገና መራመድ ነው፣ ገደል ወዳለበት። ሣሩ አልቆ ድንጋይ ሲጀምር በደረቷ ተኛች፤ እኔ ወገቧን በገመድ አስሬ ያዝኳት። «አባዬ» ብላ ጮኸች። ከታች «ባዬ» የሚል ድምፅ መለሰላት። «ሰማህ? እሳቸው ናቸው» አለችና ልትወርድ ተስፈነጠረች። አጥብቄ ሳብኳት። እንደገና ጠራች፤ እንደገና የራሷን ድምፅ ገደሉ መለሰላት። ያን ጊዜ ሰውነቴን የወረረኝ ብርድ አልነበረም።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድን። ጨርቅ የለም፣ ዘንግ የለም፣ ዱካ የለም። ጉሙ ከነጭነት ወደ አመድ መለወጥ ሲጀምር ቀኑ ሊመሽ መሆኑ ገባኝ። አይናለም ድንገት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«የኋላሸት» አለችኝ፤ «እሺ ብለውኝ ቢሆንስ?»

አልገባኝም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። ካፖርት ስገዛላቸው የቤተ ክህነት ሰው ካፖርት አይለብስም ብለው ተቆጡ፤ በማግሥቱ ለብሰውት አየሁ። መነጽሩንም እንደዚያው። ይቆጣሉ፣ ይምላሉ፣ ከዚያ እኔ ያልኩትን ያደርጋሉ። አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብለውኝ አያውቁም።» ይህን ስትናገር ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። ጨርሳ ሳትናገር ተነሥታ ሮጠች፤ ገመዱ ከእጄ ወጣ።

ያገኘናቸው ተዳፋቱ ላይ ነው፣ ከመኪናው ሩቅ ባልሆነ ቦታ። አንድ የጅብራ ግንድ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ጋቢያቸው በበረዶው ውሃ ርሶ በብርዱ ጠጥሯል፤ ስነካው እንደ ደረቅ ቆዳ ነው። እየተንቀጠቀጡ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። አይንቀጠቀጡም፤ ብርዱ ከዚያ አልፎ ውስጣቸው ገብቷል።

አይናለም ካፖርቷን አውልቃ አለበሰቻቸው፤ እጆቻቸውን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ዓይናቸውን በዝግታ ገለጡ።

«ጥሩንባው ሲቆም እየመጣችሁ መሰለኝ» አሉ። ምላሳቸው ከብዷል። «ጠበቅኋችሁ። የት ሄዳችሁ ነው?»

«ገደሉ ዘንድ» አለች እያለቀሰች። «ደቡብ ሲሉኝ በእርስዎ መስሎኝ። በግዕዙ መስሎኝ፣ አባዬ።»

አዩዋት። ከዚያ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። «በአንቺ ነው እኮ የነገርኩሽ» አሉ። «እንዳትሳሳቺ ብዬ።»

ተሸክሜ አወጣኋቸው። ከኋላ ወንበር ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የወንድሜ መኪና ማሞቂያ የለውም፤ ያን ቀን ወንድሜንም መኪናውንም ረገምኩ። በዚያ ጉም ውስጥ ሰው በማይነዳው አነዳድ ቁልቁል ለቀቅኩት። እሷ ታወራላቸው ነበር፤ መቃብሩን አብረው ሄደው እንደሚመዘግቡ፣ ካርታውን ገልብጣ ላይኛውን ደቡብ እንደምታደርግላቸው። መጀመሪያ «እ» እያሉ ይመልሱላት ነበር።

የሮብ ገበያ መብራት ሲታየኝ «ደረስን፣ ጤና ጣቢያው ይኸውና» ብዬ ነዳጁን ረገጥኩ። አይናለም ከኋላ ትከሻዬን ነካችኝ።

«ቀስ በል፤ ተኝተዋል» አለችኝ።

በመስታወቱ አየኋቸው። ዓይናቸው ክፍት ነበር። እግሬን ከነዳጁ ላይ አንሥቼ ቀስ አልኩ።