ጀርባ ለጀርባ በሰባተኛው ኩርባ

በየዓመቱ ሰኔ ላይ በከተማችን በቪላ ሪያል መንገዶች የመኪና ውድድር ሲደረግ አባቴ የሚቆምበት ቦታ አንድ ነው፤ ሰባተኛው ኩርባ ላይ፣ ከእትዬ ኤርሜሊንዳ በረንዳ ሥር። ብርቱካናማ ቱታውን ለብሶ፣ ቢጫ ባንዲራ ይዞ፣ ከኮንክሪቱ ግንብ ኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሟል። ክፍያ የለውም። ምሳና ኮፍያ ይሰጡታል፤ ኮፍያዎቹን ሁሉ ጓዳ ውስጥ በተርታ ሰቅሏቸዋል።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንደኛው ፊቱን ወደሚመጡት መኪኖች ያዞራል፤ ሰማያዊ ባንዲራ ይዞ፣ ፈጣን መኪና የደረሰበትን ሹፌር መንገድ እንዲለቅ ያስጠነቅቃል። ሌላኛው ጀርባውን ለመኪኖቹ ሰጥቶ ከኩርባው ወዲያ ያለውን መንገድ ይጠብቃል፤ እዚያ የተጋጨ ወይም የወደቀ ነገር ካለ ቢጫውን ያውለበልባል። ቢጫውን የያዘ ሰው ከኋላው የሚመጣበትን አያይም። የሚያይለት ጓደኛው ነው። ዕቃ ለማንሳት ወደ መንገዱ በወጣበት ጓደኛው ፊሽካ ከነፋ፣ ምን መጣ ብሎ ዘወር ማለት የለም፤ ወደ ግንቡ ኋላ መዝለል ብቻ ነው።

ከአባቴ ጀርባ ለረጅም ዘመን የቆመው ቤርናርዲኖ የሚባል የልጅነት ጓደኛው ነበር። ውጭ አገር፣ ሊዮን ሄዶ ግንበኛ ከሆነ በኋላ እንኳ የዓመት ፈቃዱን ለሰኔ እያስቀመጠ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየነዳ ይመጣ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ቀረ። በእሱ ቦታ እኔ ገባሁ። ቤርናርዲኖን ያስቀረው አባቴ ነው፤ “ለዚህ ብለህ አትልፋ፣ ውድድሩ ሞቷል፣ ድምፅ እንኳ አልቀረለትም” ብሎ ጻፈለት።

ይህን የጻፈው ለቤርናርዲኖ ብቻ አይደለም። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ይለዋል። “ድሮ ከድልድዩ ሲነሱ አልጋህ ላይ ተኝተህ ስንት እንደሆኑ ትቆጥራቸው ነበር። አሁን እኮ የልብስ ስፌት መኪና ነው የሚመስሉት!” ይላል፤ ሰውም ይስማማል። የማይስማማበት ምክንያትም አልነበረም። መንገዱ ካጠረ ቆይቷል። የግንቡና የሽቦው አጥር እየረዘመ ሄዶ በረንዳ የሌለው ሰው የሚያየው የመኪኖቹን ጣሪያ ብቻ ነው። አምና ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪኖች አመጡ፤ እነሱ በኩርባችን ሲያልፉ ከሞተራቸው ይልቅ የጎማቸው ድምፅ ይበልጥ ነበር። በልጅነቴ የእትዬ ኤርሜሊንዳ በረንዳ ሃያ ሰው ይይዝ ነበር፤ እግሬን በብረቱ መሐል አንጠልጥዬ ዘወር ስል የማየው የአጎቶቼን ጉልበት ነበር። አሁን ሦስት ወንበር ይበቃል። ስለዚህ አባቴ ድምፁ ጠፋ ሲል እኔም አመንኩት።

ዘንድሮ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስንወጣ እናቴ ደረጃው ላይ እጄን ያዘችኝ። አባቴ ቀድሞን መኪናው ውስጥ ገብቷል።

“ቴልሞ፣ የበሩን ደወል ከሰማ ስንት ጊዜው እንደሆነ ታውቃለህ?”

“ቴሌቪዥኑን ስለሚያስጮኸው ነው።”

“የሚያስጮኸው ለምን ይመስልሃል? ሳናግረው የሚያየው አፌን ነው። ወጥ ቤት ሆኜ ብጠራው አይመጣም።”

“ሐኪም ጋ ለምን አትወስጂውም?”

“‘ደህና ነኝ’ ካለ በኋላ በበሬ ነው የምጎትተው?” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ማድረጉ እንኳ አያስፈልግም ነበር። “ይሠራበት የነበረው የባቡር ጣቢያ ከተዘጋ ወዲህ ያለው ይሄ ብቻ ነው። ከነገርክበት ያስወጡታል። ካልነገርክበት ደግሞ...” አልጨረሰችውም። “አንተ ከጀርባው ስላለህ ነው እኔ ዝም ያልኩት።”

ኩርባው ላይ ስንደርስ እትዬ ኤርሜሊንዳ ከላይ ሆነው ይጠብቁናል። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ለውድድሩ ግን ዛሬም ከንፈራቸውን ይቀባሉ።

“አንተ አዴሪቶ! ዘንድሮም አልሞትክም?” አሉ።

አባቴ ቀና አላለም። ቅርጫቱን በገመድ ሲያወርዱትና ትከሻውን ሲነካው ነው ያያቸው።

“እትዬ ኤርሜሊንዳ! አሉ እንዴ?”

“እኔማ ጠየቅኩህ፤ አልሞትክም ወይ?” እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ ጥሩምባ አድርገው ደገሙለት።

“እርስዎን ሳልሸኝ የት እሄዳለሁ!”

ሳቁ። ቅርጫቱ ውስጥ ሥጋ የታጨቀባቸው ትንንሽ ኬኮችና አንድ ጠርሙስ ውሃ ነበር። “ወይኑ ከውድድሩ በኋላ ነው” አሉኝ ለእኔ፤ “አባትህ እንደሆነ ሳይጠጣም አይሰማም።” በቀልድ ነበር፤ እኔ ግን ኬኩን ሳልጨርስ ወደ ቅርጫቱ መለስኩት።

ከምሳ በፊት ለሙከራ የወጡት የድሮ መኪኖች ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባለቤቶቻቸው እንደ ፈረስ የሚቀልቧቸው መኪኖች ናቸው፤ ሰው አሁንም የሚወጣው ለእነሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተከታትለው ኩርባችን ውስጥ ገቡ። ጆሮዬን በጆሮ መድፈኛ ዘግቼ እንኳ ድምፁ ጥርሴን ነዘረኝ። የእትዬ ኤርሜሊንዳ መስኮት ተንቀጠቀጠ። እሳቸው በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ልጅ ይስቃሉ።

አባቴ ጆሮውን ደፍኖ አያውቅም። “ካልሰማሁ በምን ልጠብቅ?” ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚያ ነው የቆመው። መኪኖቹ ካለፉ በኋላ ወደ እኔ ዞረና ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

“አየህ? እነዚህን እንኳ አበላሿቸው። ድምፅ የሚያፍን ማርሚታ አስገቡባቸው።”

ይቀልድ እንደሆነ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ከልቡ አዝኗል።

ያኔ ገባኝ። ድምፁ የጠፋው ከመንገዱ አልነበረም፤ ወይም ከመንገዱ ብቻ አልነበረም። አባቴ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲደነቁር፣ እሱ ያየው ውድድሩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲሞት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮውን ይጠረጥር ነበር። እሱ ግን ጆሮውን ከሚጠረጥር መኪኖቹን መጠርጠር ቀለለው፤ ደግሞም የሚያየው ሁሉ ያግዘዋል፤ በረንዳው ባዶ፣ አጥሩ ረጅም፣ መኪናው የኤሌክትሪክ።

ማታ የባንዲራ ሠራተኞች ስብሰባ ላይ አለቃችን ሉርድስ የነገውን ቦታ ደለደለች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን እንኳ አላየችም። “ሰባተኛው የጋሼ አዴሪቶ ነው። እሳቸው የሌሉ ቀን ኩርባውን እናፈርሰዋለን” አለች፤ ሰው አጨበጨበ። አባቴ ከንፈሯን አንብቦ ኖሮ ኮፍያውን አንስቶ እጅ ነሳ።

ስብሰባው ሲያልቅ ልነግራት አጠገቧ ሄጄ ቆሜ ነበር። “ምነው ቴልሞ?” አለችኝ። “ተጨማሪ ባትሪ ለሬዲዮው” አልኳት። ሰጠችኝ። ወደ ቤት ስንሄድ ለራሴ ብዙ ነገር ነገርኩት፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ እኔ ከሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነኝ፣ ሰኞ ቁጭ ብዬ እራሱን አነጋግረዋለሁ። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ መጥፎ አልነበረም።

እሑድ ሁለተኛው ውድድር ላይ፣ ዘጠነኛው ዙር፣ አንድ ቀይ መኪና ግንቡን ታክኮ አለፈ። የፊት ፓራውልቱ ተገንጥሎ ከኛ አሥር ሜትር ያህል ወዲያ መሐል መንገድ ላይ ወደቀ። አባቴ ቢጫውን ሳይዘገይ አወጣ፤ በዚህ ማንም አይቀድመውም። የውድድሩን ተቆጣጣሪዎች በሬዲዮ ጠየቅኩ። “ሁለት መኪና ካለፈ በኋላ መንገዱ ክፍት ነው፣ አንሱት” አሉኝ። ሁለቱ አለፉ። ትከሻውን መታ አድርጌ በእጄ አሳየሁት፤ ባንዲራውን ግንቡ ላይ አስደግፎ ወጣ።

እኔ ፊቴን ወደ ላይኛው መንገድ አዞርኩ። ባዶ ነበር። ከዚያ ነጭ መኪና ታየ። ለጎማ ቅያሪ ቆሞ የነበረ ነው፤ ብቻውን፣ ከማንም ቆጠራ ውጪ፣ የጠፋበትን ጊዜ ሊመልስ ይበራል።

ፊሽካውን ነፋሁ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ፓራውልቱን እየጎተተ ነው፤ አንዱ ጫፍ አስፋልቱ ላይ ይንፏቀቃል። ሁለተኛ ነፋሁ። በረንዳው ላይ ጩኸት ተነሣ። ሦስተኛ ስነፋ እግሬ ግንቡ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የቱታውን ቀበቶ በእጄ መያዜን ነው። ሁለታችንም ግንቡ ሥር ወደቅን። ነጩ መኪና ባጠገባችን ሲያልፍ ንፋሱ አፌን በአቧራ ሞላው፤ ፓራውልቱን ከአባቴ እጅ መንትፎ ወሰደው።

ተጎትተን ከግንቡ ኋላ ስንገባ አባቴ ኮሌታዬን ጨበጠ።

“ለምን አልነፋህም?” አለኝ።

“ነፍቻለሁ አባዬ።”

“አልነፋህም! ቤርናርዲኖ ቢሆን ይነፋ ነበር!”

ውድድሩ እንዳለቀ ሉርድስ በሞተር መጣች። ሄልሜቷን ሳታወልቅ፣ መስታወቷን ብቻ ከፍ አድርጋ “ምንድን ነው የተፈጠረው?” አለች።

አባቴ ቀደመኝ። ቁጣው በርዶለት ነበር፤ ክንዱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። “ልጁ ፊሽካውን ረሳ። ደንግጦ ነው፤ ማንም ይደነግጣል። ዘሎ ባያወጣኝማ አልቆልኝ ነበር። አትቆጪው ሉርድስ። በኔ ይሁን።”

ከልቡ ነበር የሚለምንልኝ። ሉርድስ ወደ እኔ ዞረች። “ረስተኸው ነው ቴልሞ?”

አዎ ማለት ቀላል ነበር። እኔን ለአንድ ዓመት ከሥራው ያግዱኛል፤ አባቴ ኩርባው ላይ ይቀራል፤ ከጀርባው ሌላ ሰው ያቆሙለታል። ያ ሰው በሕጉ መሠረት ፊሽካውን ይነፋል። ከግንቡ አይዘልም፤ ያለ ፈቃድ ወደ መንገዱ መዝለል ክልክል ነው።

“ነፍቻለሁ” አልኩ። “ሦስት ጊዜ።”

አባቴ ከንፈሬን እያየ ነበር። ፈገግ አለ፤ ልጅ ሲዋሽ የሚያሳዩት ዓይነት ፈገግታ። ከዚያ ወደ በረንዳው ቀና አለ።

“እትዬ ኤርሜሊንዳ፣ እውነቱን ይንገሩን እስቲ!”

እሳቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ነበር። ቀስ ብለው አወረዱት። ሦስት ጣታቸውን አነሱ።

አባቴ ጣቶቹን ረጅም ጊዜ አያቸው። ክንዱ ከትከሻዬ ላይ ወረደ። ባንዲራውን ከግንቡ ላይ አንስቶ፣ ጨርቁን እንጨቱ ላይ በሥርዓት ጠቅልሎ ለሉርድስ ዘረጋላት። ልትቀበለው አልፈለገችም።

“ጋሼ አዴሪቶ፣ አሁን ትንሽ ይረፉ፤ ሰኞ እንነጋገራለን።”

“ያዢው” አላት።

የመጨረሻው ውድድር የድሮዎቹ መኪኖች ነበር። ሌሎች ሁለት ሰዎች በቦታችን ቆሙ፤ እኛ ወደ በረንዳው ወጣን። እትዬ ኤርሜሊንዳ ወይኑን ቀዱና ጓዳ ገቡ፤ ማልቀሳቸው እንዳይታይ ይመስለኛል። አባቴ ወንበሩን ወደ ብረቱ አጠጋ። ከላይ ሆኖ ውድድር አይቶ አያውቅም። መንገዱን ሳይሆን ማዶ ያሉትን የተዘጉ መስኮቶች ነበር የሚያየው።

መኪኖቹ ሲመጡ እጁ የበረንዳው ብረት ላይ ነበር። ብረቱ ሲነዝረው እንደ ተቃጠለ ሰው እጁን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው። ሁሉም እስኪያልፉ አላነሳውም።

“ማርሚታ የላቸውም?” አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

“አምናም አልነበራቸውም?”

“አልነበራቸውም።”

“ካቻምናስ?”

 ፊቱ ፊት ጎንበስ አልኩ፤ አፌን እንዲያይ። “ሌሎቹ እኮ ጸጥ ብለዋል አባዬ። የኤሌክትሪኮቹን አይተሃል። ሰውም ቀንሷል፤ በረንዳውን እየው። ሁሉም ያንተ አይደለም።”

“ሁሉም አይደለም” አለ። ቀጥሎ ጠየቀኝ፤ “ስንቱ ነው የኔ?”

ይህን ማንም ሊነግረው አይችልም። እኔም አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር አለፈ። ወይኑን አልነካውም።

“ሦስት ዓመት” አለ ድንገት። “ሌሊቱን ሙሉ እየነዳ ይመጣ የነበረ ሰው። ‘አትምጣ፣ ምንም የለም’ አልኩት። አመነኝ። ከእኔ የበለጠ ማንን ያምናል?”

ስልኬን አወጣሁ። ለቤርናርዲኖ ልደውልለት ብል አባቴ በስልክ አይሰማም፤ ይህን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ አሰብነው መሰለኝ፣ እጁን አወዛወዘ።

“ጻፍለት” አለኝ። “‘መኪኖቹ ደህና ናቸው’ በለው።”

ጻፍኩ። ጣቴን ስልኩ ላይ አድርጌ ጠበቅኩት። ከታች ነጭ ጭስና የቤንዚን ሽታ ወደ በረንዳው ይወጣል፤ መስኮቱ አሁንም ይንቀጠቀጣል። አባቴ በሁለት እጁ ብረቱን ጨብጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚቆጥራቸው ይመስላል።

“ሌላስ ምን ልበለው?” አልኩት፤ ግን ወደ መንገዱ ነበር የሚያየው፣ አፌን አላየውም።