በቡትሱ ጫፍ የቀረው ወረቀት

አናጢው አባት ሴት ልጃቸውን ይዘው ቡትስ ሊያስመርጡ ሲወጡ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ለምን አይፈካ! ከልጅነቷ ጀምሮ «ነይ፣ ተራራ ወጥተን አድነን እንምጣ» እያሉ ለምነዋታል፤ እሷ ደግሞ «ብርድ ላይ ተጋድሞ አጋዘን መጠበቅ የጤና አይደለም» እያለች አሻፈረኝ ስትል ኖራለች። አሁን የአውቶቡስ ሾፌር ሆና፣ የራሷን ቤት ይዛ፣ ዘንድሮ በገዛ አንደበቷ «አባዬ፣ እኔም ልምጣ» አለቻቸው። እናቷ ካረፈች ወዲህ የአደን ጓደኞቻቸውም ጉልበት እየከዳቸው ቤት ቀርተዋል፤ ብቻቸውን መሆናቸውን አይታ ነው። እሳቸውም አላጡትም። ቢያውቁትስ? ደስታ ምክንያት ይጠየቃል እንዴ!

ችግሩ ሌላ ነው። የሰውዬው እግር ከቁርጭምጭሚት በታች መደንዘዝ ከጀመረ ሰነባብቷል። ስኳር ነው። ወርክሾፓቸው ውስጥ ሚስማር ረግጠው ቀኑን ሙሉ ሲላጉና ሲመቱ ውለው፣ ቤት ገብተው ካልሲያቸው በደም ርሶ ሲያዩት ነው የነገሩ ክብደት የገባቸው። ዶክተሩም ሳያድበሰብስ ነገራቸው፤ «እግርዎ ከእንግዲህ አይነግርዎትም። አንዲት ትንሽ ቁስል ሳያዩዋት ብትቆይ እግርዎን ልታሳጣዎት ትችላለች። ተራራ ብቻዎን አይወጡም፤ ከወጡም በየእረፍቱ ጫማዎን አውልቆ ውስጥ እግርዎን የሚያይልዎ ሰው ይኑር።» ራሳቸው እንዳያዩት ወገባቸው አልታጠፍ ካለ ቆይቷል።

ታዲያ ለልጃቸው ነገሯት? ምን ቆርጧቸው! ቢነግሯት «በቃ፣ ቀረ» ትላለች፤ እሷ ፍሬን የያዘችበትን ነገር ደግሞ ማን ያንቀሳቅሰዋል? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘንድሮን ብቻ፣ ከልጄ ጋር ልውጣና ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ ብለው ነገሩን በሆዳቸው ያዙት።

ሱቁ ጠባብ ነው። የጫማ ካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ የቆዳና የማስቲሽ ሽታ አለው። መሀሉ ላይ ጫማ መሞከሪያ የሚሆን፣ ባንድ በኩል ሽቅብ ባንድ በኩል ቁልቁል የሆነ የእንጨት መወጣጫ ቆሟል። አናጢው ገና ከመግባታቸው እሱን ነካ ነካ አድርገው፣ «ይሄን የሠራው ሰው ከእንጨት ጋር ጠብ ነበረው» አሉ።

ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። «ምን ልታዘዝ፣ አባት?»

«ለልጄ የተራራ ቡትስ። ላደን ነው» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ከዚያማ ማን ያስቆማቸው! ልጅቷ መጀመሪያ ቀይ ቡትስ አነሳች።

«ኧረ ባክሽ! አጋዘኑ ከሩቅ አይቶሽ ይሄዳል።»

«ቆንጆ ነው ብሎ ቢጠጋስ?»

«ቀልዱን ተይና ሶሉን እጠፊው። አየሽ? እንደ ብርድ ልብስ ይታጠፋል። ድንጋይ ላይ ውስጥ እግርሽን ያቃጥልሻል።» ሌላ ሰጧት። «ቆይ! እግርሽን አይደለም፣ መጀመሪያ እጅሽን ነው የምታስገቢው። ዳብሺው። የወጣ ስፌት፣ የተረሳ ነገር ካለ እጅሽ ያግኘው። እሺ፣ አሁን ወፍራሙን ካልሲ አድርጊ። እሰሪው። በዚህ ቁልቁል ውረጂ። ጣትሽ ፊቱን ነካ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ የሚባል የለም! ከተራራው ስንወርድ ጥፍርሽን ጥለሽው ትመጫለሽ። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ አምጪልን፣ ልጄ» አሉ ወደ ባለሱቋ ዞረው።

ባለሱቋ መሰላሏን ስትወጣ ስትወርድ፣ በመጨረሻ አንድ ቡናማ ቡትስ ተገኘ። ልጅቷ ሽቅብ ወጣች፣ ቁልቁል ወረደች፣ ተረከዟም አልተነሳ፣ ጣቷም አልነካ። አናጢው የገዛ እጃቸው የሠራውን ወንበር እንደሚያዩ ዞር ዞር ብለው አይዋትና «ይኸው! አሁን አዳኝ መሰልሽ» አሉ።

«ያንተስ?» አለች።

«የኔ ምን?»

«ቡትስህ ነዋ። ባለፈው ጓዳ ውስጥ አየሁት፣ ሶሉ አፉን ከፍቷል። እሱን አድርገህማ አትወጣም።»

ይሄን አላሰቡትም። ቢከራከሩ ልትጠረጥር ነው። ባለሱቋ ያመጣችላቸውን ተቀብለው፣ ቶሎ ልገላገል በሚል ጥድፊያ እግራቸውን ዘው አደረጉ፤ ማሰሪያውንም እሷው ጥርቅም አድርጋ አሰረችላቸው። ተነስተው መወጣጫው ላይ እንደ ጎረምሳ ወጡ፣ ወረዱ፤ አንዴማ መሬቱን መታ አደረጉት።

«ልክ ለኔ የተሰፋ! ጣቴን እንደ ልቤ አንቀሳቅሳለሁ። በቃ፣ ጠቅልይልን።»

ቁጭ ብለው ማሰሪያውን አስፈትተው አወለቁ። ባለሱቋ ቡትሱን ተቀብላ ወደ ካርቶኑ ልትመልስ ስትል እጇን ከተት አደረገችና ቆም አለች። ጣቷ ይዞ የወጣው፣ ፋብሪካው የጫማውን ቅርጽ ለመጠበቅ ጫፉ ውስጥ የሚወትፈው የወረቀት ድቡልቡል ነበር። አሁን ግን እንደ ቂጣ ተደፍጥጧል።

«ውይ! ይሄ ውስጥ ነበር እንዴ?»

ልጅቷ የግራውን አነሳች። እጇን አስገባች። ከእሱም ሌላ የተደፈጠጠ ወረቀት ወጣ።

«ለ… ለሙቀት ብዬ ነው የተውኩት» አሉ አናጢው። ባለሱቋ ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም። ባለሱቋም ፊቷን አየት አደረገችና ሳቋን ዋጠችው፤ «መነጽሬን ጓዳ ሳልረሳው አልቀረሁም» ብላ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች ወደ ጓዳ ገባች። እግዜር ይስጣት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አባዬ!»

ሚስማሩንም፣ ደሙንም፣ ዶክተሩ ያለውንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። እሷ እየሰማች ወረቀቱን መዳፏ ውስጥ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«ሚስማር ረግጠህ ዝም? እኔ ምንህ ነኝ?»

«ብነግርሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ነዋ!» ድምፃቸው ከልክ በላይ ወጥቶባቸው ራሳቸውም ደነገጡ። ቀስ ብለው ቀጠሉ፤ «አጋዘን አምሮኝ አይደለም። አጋዘንማ ስንቱን ጥያለሁ። ካንቺ ጋር መውጣት ነው ያማረኝ። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ነው ያማረኝ። ደግሞስ ይሄን አሮጌ እግር ፊትሽ ዘርግቼ እዪልኝ ልበልሽ? ነውር አይደለም?»

«ነውርማ ውሸቱ ነው» አለች። እንባዋ ቢመጣባት ወደ በሩ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታቸው መንገዱን ማየት ጀመረች።

አናጢው አለቀ ደቀቀ ብለው ነጠላ ጫማቸውን በዓይናቸው ፈለጉ። ሆድ ባሳቸው። ከርሞ እሷም ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል፣ እሳቸውም ይኑሩ አይኑሩ ማን ያውቃል? መዋሸታቸው አልነበረም ያንገበገባቸው፤ አንዲት ወረቀት እንዲህ አድርጋ ማጋለጧ ነው እንጂ።

ልጅቷ ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል። ቡትሱን አነሳችና የውስጥ ሶሉን መዝዛ አውጥታ ወለሉ ላይ አነጠፈችው።

«ቁምበት።»

ቆሙበት። አናጢ ናቸውና ወዲያው ገባቸው፤ እንጨት ላይ ልክ ሲያሳርፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እግር ባይናገር ዓይን አለ። አጎንብሰው መንካት ባይችሉም ቁልቁል አይተው፣ «ጠባብ ነው። ትንሿ ጣት ከሶሉ አልፋለች» አሉ።

«አልፋለች። ሰፋ ያለ ያምጡልን!» ብላ ወደ ጓዳው ተጣራች።

ሰፋ ያለው መጣ፤ የውስጥ ሶሉ ወጣ፣ ተነጠፈ፣ ቆሙበት። ዙሪያውን ተርፏል፤ ከአውራ ጣታቸው ፊትም ጥሩ ቦታ አለ። ከዚያ ልጅቷ ሶሉን መልሳ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ስፌቱን ሁሉ ዳበሰች።

«ተመቸዎት፣ አባት?» አለች ባለሱቋ በለመደችው አፏ።

«እሱን አይጠይቁት፣ እኔን ይጠይቁኝ» አለች ልጅቷ። «ተመችቶታል።»

አናጢው ሳቅ አመለጣቸው። «እሺ፣ ሾፌር።»

«ገና አልወሰንኩም። መጀመሪያ ዶክተርህን አናግራለሁ። እሺ ካለ እንወጣለን፤ በየእረፍቱ አወልቅና አያለሁ። አንዴ እምቢ ካልክ ከዚያው ይዤህ እመለሳለሁ።»

ዶክተሩ ሲያቅማማ ቆይቶ እስከ ታችኛው ሸንተረር ብቻ ብሎ ፈቀደ። ቡትሱንም ቤት ውስጥ ሲለማመዱበት ሰንብተው ወጡ።

ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ድንጋዩ ጤዛ ለብሷል። የመጀመሪያው እረፍት ላይ አናጢው አንድ አለት ተደግፈው ተቀመጡ፤ ጠብመንጃቸውን ከጎናቸው አጋደሙ። ልጅቷ ሳትጠየቅ ፊታቸው ተንበረከከች፤ የቀኙን ቡትስ ፈታች፣ ካልሲውን አወለቀች፣ እግራቸውን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ሰውዬው በሀፍረት ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ።

«ተረከዝህ ጋ ቀላ ብሏል። ካልሲው ታጥፎ ነው። አትንቀሳቀስ፣ ፕላስተር ላድርግበት» አለች አጎንብሳ።

ይሄኔ ነው ማዶ ከቁጥቋጦው ውስጥ የወጣው። ወንድ አጋዘን ነው፤ ቀንዱ እንዲያ ያለ፣ በዕድሜያቸው አይተው የማያውቁት። ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ነፋሱም ከእሱ ወደ እነሱ ነው፤ አላሸተታቸውም። ጠብመንጃው እጃቸው ሥር ነው፤ ዘርጋ ቢያደርጉት ይደርሱበታል። ግን ለማነጣጠር እግራቸውን ከእጇ መንጠቅ አለባቸው።

ልጃቸውን አዩ። ምላሷን ወጣ አድርጋ፣ ልጅ እያለች ፊደል ስትጽፍ እንደምታደርገው፣ ፕላስተሩን ተረከዛቸው ላይ እያሳረፈች ነው። እጇ እግራቸው ላይ ነው፤ እሳቸው ግን አይሰማቸውም። በዓይናቸው ብቻ ነው የሚያዩት።

አጋዘኑ ሳሩን ግጦ ግጦ፣ ቀና ብሎ፣ ቀስ እያለ ከሸንተረሩ ጀርባ ገባ።

«ጨረስኩ» አለች ልጅቷ ቀና ብላ። ፊታቸውን አየችና ወደ ማዶ ዞረች። «ምን አይተህ ነው?»

«ምንም» አሉና ግራ እግራቸውን ዘረጉላት። «ይሄንንም እዪልኝ።»